ሲ ድራይቭ ሲሞላ ዶክዩመንትስንና ዳውንሎድስን እንዴት በደህና እናዛውር?

ጥያቄው፦ «ላፕቶፔ ሁለት ዲስክ አለው። ሲ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ዲ ደግሞ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ነው። ሲ ቀይ ሆኖ 3 ጊጋባይት ብቻ ቀርቶታል። ዲ ላይ ዶክዩመንትስ የሚል ፎልደር ሠራሁና፣ ሲ ላይ ዶክዩመንትስ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ከት አድርጌ እዚያ ፔስት አደረግኩ። የዳውንሎድስንም እንዲሁ። ከሳምንት በኋላ ሲ እንደገና ሞላ። አዲስ የምሠራው ነገር ሁሉ አሁንም የሚሄደው ወደ ድሮው ቦታ ነው። ሁለት ዶክዩመንትስ አለኝ፣ የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ ጠፍቶብኛል። የሲውን ፎልደር ላጥፋው? ጓደኛዬ ደግሞ ዩዘርስ የሚለውን ፎልደር በሙሉ ወደ ዲ ውሰጂው ትለኛለች። የምጠቀመው ዊንዶውስ 11 ነው።»

መልስ፦

እህቴ፣ የሲውን ፎልደር አታጥፊው። ዩዘርስንም አትንኪው። ያደረግሽው ነገር የከፋ ስህተት አይደለም፣ ግማሹን ሥራ ሠርተሻል። የቀረው ግማሽ ግን ዋናው ነው። እሱን ካልጨረስሽ በየሳምንቱ ስትገለብጪ ትኖሪያለሽ።

ዶክዩመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ፣ ሚዩዚክ፣ ቪዲዮስ፣ ዴስክቶፕ። እነዚህ ስድስቱ ሲታዩ ተራ ፎልደር ይመስላሉ። ዲስኩ ላይም ተራ ፎልደሮች ናቸው። ልዩ የሚያደርጋቸው ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚይዘው መዝገብ ነው። መዝገቡ «የዚህች ሰው ዶክዩመንትስ ያለው እዚህ ቦታ ነው» ይላል። ዎርድ ፋይል ሴቭ ሊያደርግ ሲል ዲስኩን እየዞረ ዶክዩመንትስ የሚል ስም አይፈልግም። ዊንዶውስን ይጠይቃል፣ ዊንዶውስ መዝገቡን ገልጦ አድራሻውን ይነግረዋል። አንቺ ዕቃሽን ወደ አዲስ ቤት አጓጉዘሻል፣ መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ ግን የድሮው ነው። ስለዚህ አዲስ የሚመጣው ሁሉ የድሮውን በር ያንኳኳል።

ዲ ላይ የሠራሽው ዶክዩመንትስ ስሙ ብቻ ነው አንድ የሆነው። ለዊንዶውስ «ደብተር» ብትዪው ወይም «ሀ» ብትዪው ያው ነው። መደረግ ያለበት አድራሻውን መቀየር ነው። ለዚህም ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከ2007 ወዲህ፣ ለስድስቱም ፎልደሮች የሚሠራ ንጹህ መንገድ አለ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሪልኝ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፋይል ኤክስፕሎረርን ክፈቺና ዶክዩመንትስ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊ፣ ፕሮፐርቲስ በይ፣ አሁን ያለበትን አድራሻ አንብቢ። አድራሻው መሀል ላይ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) የሚል ቃል ካለ፣ ፎልደርሽ ቀድሞውኑ ተዛውሯል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ አዲስ ሲከፈት ማይክሮሶፍት «ፋይሎችህን ባክአፕ ላድርግልህ?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ከተባለ ዴስክቶፕን፣ ዶክዩመንትስንና ፒክቸርስን ወደ ዋንድራይቭ ፎልደር ያስገባቸዋል። ያ ፎልደር ደግሞ ሲ ላይ ነው ያለው። ነጻው የዋንድራይቭ ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። ከዚያ ማስጠንቀቂያው ይጀምራል።

እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የዋንድራይቭን ሴቲንግስ ከፍተሽ የፎልደር ባክአፑን አቁሚ። ባክአፑ እየሠራ አድራሻውን ልቀይር ብትዪ ዊንዶውስ እምቢ ሊል ይችላል። ካቆምሽው በኋላ ፋይሎቹ እዚያው ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ቀርተው፣ ዶክዩመንትስ ባዶ ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ። አትደንግጪ፣ አልጠፉም። ዋንድራይቭ ውስጥ ባለው ዶክዩመንትስ ፈልጊያቸው። አጠገባቸው የሰማያዊ ደመና ምልክት ያለባቸው ፋይሎች ኮምፒውተርሽ ላይ የሉም፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ናቸው። እነሱን ከመውሰድሽ በፊት መውረድ አለባቸው። ደግሞ አደራሽን፣ ከዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ የምታጠፊው ነገር ከኢንተርኔቱም፣ ከሌላው ኮምፒውተርሽም ይጠፋል። በግል አካውንት የኢንተርኔቱ ሪሳይክል ቢን ለ30 ቀን ያቆይልሻል፣ ከዚያ በኋላ የለም።

ዋንድራይቭ የሚል ካላየሽ ቀላል ነው።

አሁን ሥራው። መጀመሪያ ቻርጀሩን ሰኪ። ዎርድን፣ ብሮውዘሩን፣ ሙዚቃ ማጫወቻውን፣ ሁሉንም ዝጊ። መጥፋት የሌለበት ፋይል ካለሽ (የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልጆች ፎቶ፣ የሥራ ሰነድ) ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጪ ዲስክ አንድ ኮፒ አድርጊ። ይህን ሳታደርጊ አትቀጥዪ። አንድ ፋይል ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ «ተዛወረ» ሲባል በእውነቱ መጀመሪያ ይገለበጣል፣ ከዚያ የድሮው ይሰረዛል። በአንድ ዲስክ ውስጥ ሲዛወር ግን ስሙ ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ለዚህ ነው በቅጽበት የሚያልቀው። አንቺ የምትሠሪው የመጀመሪያውን ነው። ብዙ ጊጋባይት ከሆነ ጊዜ ይወስዳል፣ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ባትሪው ቢሞት ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል።

በዳውንሎድስ ጀምሪ። ለምን በሱ? አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ እሱ ነው፣ ቢበላሽም ብዙ የሚያስለቅስ ነገር የለበትም። እጅሽን በሱ አለማምጂ። ዲ ላይ አንድ እናት ፎልደር ሥሪ፣ ስሙን በራስሽ ስም አድርጊው። በውስጡ ዳውንሎድስ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ቪዲዮስ እያልሽ ለየብቻ ፎልደር ሥሪ። አሁን ዲ ላይ ያሉሽን ሁለቱን የድሮ ፎልደሮች እዚህ ውስጥ አስገቢያቸው። በዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ወዲያው ያልቃል።

ከዚያ በፋይል ኤክስፕሎረር ግራ በኩል ያለውን ዳውንሎድስ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ። ከላይ ካሉት ክፍሎች ሎኬሽን የሚለውን ክፈቺ። ሙቭ የሚለውን ተጫኚ፣ ዲ ላይ የሠራሽውን ዳውንሎድስ ምረጪ፣ አፕላይ በይ። «በድሮው ቦታ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ወደ አዲሱ ላዛውራቸው?» ብሎ ይጠይቅሻል። የስ በይ።

እዚህ የስ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኖ ብትዪ አድራሻው ይቀየራል፣ የድሮዎቹ ፋይሎች ግን ሲ ላይ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ይቀራሉ። ይህ ምን ሊያመጣ እንደሚችል በጥቅምት 2018 በፈረንጆቹ ታይቷል። ያኔ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ትልቅ ማሻሻያ አወጣ። አድራሻቸውን ቀይረው ፋይሎቻቸውን ግን በድሮው ቦታ የተዉ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ፣ ማሻሻያው የድሮውን ፎልደር «ትርፍ ነው» ብሎ ከነፋይሎቹ ሰረዘው። ማይክሮሶፍት ማሻሻያውን በጥቂት ቀን ውስጥ አቆመው፣ አስተካክሎም በኅዳር መልሶ አወጣው። ስህተቱ የነሱ ነበር፣ ያመኑት ሰዎች አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የድሮው ቦታ ላይ ምንም እንዳይቀር ሁልጊዜ አያለሁ። አንቺም ሥራው ሲያልቅ ወደ ሲ ሄደሽ የድሮው ፎልደር ባዶ መሆኑን በዓይንሽ እዪ።

የስ ካልሽ በኋላ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ሁለቱም ቦታ ካለ ዊንዶውስ ይጠይቅሻል። አንቺ በሁለት ዶክዩመንትስ ስትሠሪ ስለከረምሽ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን አትጫኚ። ሁለቱንም አቆይ የሚል ምርጫ ስላለ እሱን ውሰጂ፣ ቀስ ብለሽ በኋላ ታመዛዝኛቸዋለሽ። ከዚህ የሚሻል መንገድም አለ። አድራሻውን ከመቀየርሽ በፊት ሲ ላይ ባለው ዶክዩመንትስ ውስጥ «ከሲ የመጣ» የሚል ፎልደር ሠርተሽ በዚህ ሳምንት የተጠራቀመውን ሁሉ እሱ ውስጥ ክተቺ። ያኔ ምንም ግጭት አይኖርም፣ የትኛው ከየት እንደመጣም ይታወቃል። እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው።

ዳውንሎድስ ከተሳካ በቪዲዮስና በፒክቸርስ ቀጥዪ፣ ከዚያ ዶክዩመንትስ። ሚዩዚክ ካለሽ እሱንም። ዴስክቶፕን ግን ተዪው። ዴስክቶፕ ገና ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚነበብ ነው። ሃርድ ዲስክ ከኤስኤስዲ በጣም ስለሚዘገይ፣ ዴስክቶፕን እሱ ላይ ካደረግሽ ማሽኑን በከፈትሽ ቁጥር ምስሎቹ አንድ በአንድ ሲመጡ ታያለሽ። የዴስክቶፕ መድኃኒቱ ማቅለል ነው። ብዙ ሰው ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠው ነገር ቦታ የማይወስድ ይመስለዋል። ዴስክቶፕ ግን ሲ ላይ ያለ ፎልደር ነው። እዚያ ያስቀመጥሽው የ4 ጊጋባይት ፊልም ከሲ ላይ 4 ጊጋባይት በልቷል። ፋይሉን ዲ ላይ አስቀምጠሽ ሾርትከቱን ብቻ ዴስክቶፕ ላይ አድርጊ።

ሁለት ነገር በፍጹም እንዳታደርጊ። አንደኛው፣ አድራሻውን በቀጥታ ዲ ድራይቭን ራሱን አታድርጊው። ሁልጊዜ በዲ ውስጥ ያለ ፎልደር ይሁን። አንድ የማውቀው ሰው ዶክዩመንትስን በቀጥታ ወደ ዲ አደረገው። ዲ ላይ የነበረው ሁሉ፣ ጨዋታውም ፊልሙም፣ «ዶክዩመንትስ» ሆነ። ሊመልሰው ሲል ዊንዶውስ የዲን ጓዝ በሙሉ ሲ ላይ ሊያፈስስ ተነሳ። ማውጣቱ ሙሉ ቀን ወሰደብን። ሁለተኛው፣ ሁለት ፎልደሮችን ወደ አንድ ቦታ አታመልክቺ። ዳውንሎድስንና ዶክዩመንትስን አንድ ፎልደር ላይ ካደረግሽ ዊንዶውስ አንድ አድርጎ ያያቸዋል፣ መለየቱ ከባድ ራስ ምታት ነው። ሁለቱም ስህተቶች የሚመጡት ሙቭ ሲባል የተከፈተውን መስኮት በችኮላ ከመጫን ነው። አፕላይ ከማለትሽ በፊት ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን አድራሻ ሁለት ጊዜ አንብቢ።

ከዚያው መስኮት ላይ ሪስቶር ዲፎልት የሚል አለ። ነገሩ ከተወሳሰበ ወደ መጀመሪያው አድራሻ የሚመልስሽ እሱ ነው። ሬጅስትሪ (ቅድም መዝገብ ያልኩት) ውስጥ ግቡና በእጅ ቀይሩ የሚል ምክር ልታዪ ትችያለሽ። አድራሻዎቹ የሚቀመጡት እዚያ መሆኑ እውነት ነው፣ ዩዘር ሼል ፎልደርስ በሚባል ቦታ። ከጎኑ ግን ሼል ፎልደርስ የሚባል ሌላ አለ፣ በውስጡም «ይህን አትጠቀም» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበታል። ብዙ ሰው የሚነካው እሱን ነው። ሎኬሽን የሚለው መስኮት እየሠራ ወደዚያ መግባት አያስፈልግም።

ሴቲንግስ ውስጥ ስቶሬጅ በሚለው ስር «አዲስ ነገር የት ይቀመጥ» የሚል ምርጫም አለ። ስሙ እንደሚለው ለአዲስ ነገር ብቻ ነው። ያለውን አያዛውርም። ስለዚህ ላንቺ ችግር አይበቃም። ሁለቱን መንገዶች ቀላቅለሽ አትጠቀሚ፣ የትኛው የት እንደላከሽ ይጠፋብሻል።

ብሮውዘርሽንም አትርሺ። ብሮውዘሮች የራሳቸው የዳውንሎድ አድራሻ ይይዛሉ። ብዙውን ጊዜ የዊንዶውስን ይከተላሉ፣ አንድ ቀን በእጅ ቀይረሽው ከሆነ ግን የራሳቸውን ይዘው ይቀጥላሉ። ሴቲንግሱ ውስጥ ገብተሽ እዪው። በዶክዩመንትስ ውስጥ ፋይል የሚያስቀምጡ የኢሜይልና የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ካሉሽ ደግሞ «ፋይሉን አጣሁት» ሊሉሽ ይችላሉ፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹ ሙሉውን የድሮ አድራሻ ጽፈው ያስቀምጣሉ። አዲሱን ቦታ አንድ ጊዜ ብታሳዪያቸው ይበቃቸዋል። በዎርድ «በቅርቡ የተከፈቱ» ዝርዝር ውስጥ ያሉት ፋይሎችም አይከፈቱም፣ ከአዲሱ ቦታ አንድ ጊዜ ክፈቻቸው።

ወደ ጓደኛሽ ምክር ልምጣ። ዩዘርስን በሙሉ ማዛወር ለምን አይሆንም? በውስጡ ያንቺ ፋይሎች ብቻ አይደሉም ያሉት። አፕዳታ የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ። ፕሮግራሞች ማስተካከያቸውን፣ የተቀመጠ ፓስወርዳቸውን፣ ጊዜያዊ ፋይላቸውን የሚከቱት እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ እየሠራ ሁልጊዜ ይከፈታል ይዘጋል፣ ስለዚህ በከትና ፔስት አይነሳም። በሌላ መንገድ ዩዘርስን ከሲ ውጪ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። እንደዚያ የተደረገ ዊንዶውስ ግን ወደ አዲስ ሥሪት ላሻሽል ሲባል እንደሚሰናከል ማይክሮሶፍት ራሱ አስጠንቅቋል። ጓደኛሽ በቅንነት ነው የመከረችሽ፣ ግን የምታተርፊው ጥቂት ነው፣ የምትከፍዪው ብዙ። ስድስቱ ፎልደሮች ለዚህ ሲባል ነው የተለዩት፦ ያንቺ የሆነው ይንቀሳቀስ፣ የፕሮግራሞቹ የሆነው ባለበት ይቆይ።

በነገራችን ላይ የተደበቁ ፎልደሮችን ከፍተሽ ስታዪ «ማይ ዶክዩመንትስ» የሚል ነገር ታገኚ ይሆናል፣ ስትነኪው «አክሰስ ዲናይድ» ይላል። ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። አይደለም። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተጠቃሚ ፋይሎች የሚቀመጡት ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ በሚባል ፎልደር ነበር፣ ቪስታ ሲመጣ ዩዘርስ ወደሚል አጭር ስም ተቀየረ። የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይጠፉ የድሮዎቹ ስሞች ወደ አዲሱ የሚጠቁሙ ምልክቶች ሆነው ቀሩ። ውስጣቸው ምንም የለም። ተያቸው።

ሌላ የሚያደናግር ነገር ደግሞ ስም ነው። የምታዪው ስምና ዲስኩ ላይ ያለው ስም አንድ ላይሆን ይችላል። በነዚህ ፎልደሮች ውስጥ ዴስክቶፕ ነጥብ አይኤንአይ የሚባል ትንሽ የተደበቀ ፋይል አለ፣ ለዊንዶውስ «ይህን ፎልደር ዶክዩመንትስ ብለህ አሳየው» የሚለው እሱ ነው። ይህን ፋይል ከነሌላው ጠቅልለሽ ወደ ሌላ ፎልደር ከገለበጥሽው ያም ፎልደር በድንገት ዶክዩመንትስ መባል ይጀምራል። ዲ ላይ ሦስት ዶክዩመንትስ ተደርድረው ካየሽ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ዋናው በሎኬሽን ውስጥ አድራሻው የተጻፈው ነው። ከሌሎቹ ውስጥ ያን ትንሽ ፋይል ብታጠፊው እውነተኛ ስማቸው ይመለሳል።

አሁን ብዙም የማይወራለት፣ እኔ ግን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር። ኮምፒውተሩን ከሌላ ሰው ጋር ትጋሪያለሽ? ሲ ላይ በስምሽ ፎልደር ውስጥ ያለው ነገር ለሌሎች ተራ ተጠቃሚዎች ዝግ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ይጠብቀዋል። ዲ ላይ የምትሠሪው ፎልደር ግን በተለምዶ በዚያ ኮምፒውተር ላይ አካውንት ላለው ሁሉ ክፍት ነው፣ ሊያነበውም ሊያጠፋውም ይችላል። ፋይሎችሽ ወደዚያ ሲሄዱ የአዲሱን ቦታ ደንብ ይቀበላሉ። ላፕቶፑ ያንቺ ብቻ ከሆነ ችግር የለም። የጋራ ከሆነ ግን በስምሽ የሠራሽውን እናት ፎልደር ፕሮፐርቲስ ክፈቺ፣ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ አድቫንስድ። መጀመሪያ የራስሽን ስም ሙሉ ፈቃድ ሰጥተሽ ጨምሪ። ቀጥሎ ከላይ የሚወረሰውን ፈቃድ አቁሚ፣ ሲጠይቅሽ ያለውን ወደ ቀጥተኛ ፈቃድ ቀይር የሚለውን ምረጪ። ከዚያ ዩዘርስና ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ የሚሉትን አውጪ። ሲስተምንና አድሚኒስትሬተርስን አትንኪ። ይህን ፎልደሮቹን ከማዛወርሽ በፊት ማድረጉ ይቀላል።

ያንቺ ዲ ላፕቶፑ ውስጥ ያለ ዲስክ መሆኑ ጥሩ ነው። ይህን የሚያነቡ ሌሎች ግን በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ ላይ ሊያደርጉት ቢያስቡ አልመክርም። ዲስኩ ያልተሰካ ዕለት ዶክዩመንትስ «ቦታው አልተገኘም» ይላል። ሌላ ፍላሽ ቀድሞ ከተሰካ ደግሞ የድራይቩ ፊደል ተቀይሮ አድራሻው ሌላ ቦታ ይጠቁማል። ለፎቶ ማከማቻ ይሁን፣ ለዶክዩመንትስ አድራሻ ግን አይሁን።

ስንት ቦታ ታገኚያለሽ? 128 ጊጋባይት የተባለው ዲስክ በዊንዶውስ ሲታይ ወደ 119 ነው፣ አምራቾችና ዊንዶውስ ጊጋባይትን የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ። ዊንዶውስ 11 ብቻውን ለመጫን 64 ጊጋባይት ያለው ዲስክ ይፈልጋል። ስለዚህ ሲ ላይ መኖር ያለበት ዊንዶውስና ፕሮግራሞችሽ ናቸው፣ ከዚያ የሚተርፈው ለማሻሻያዎች መተንፈሻ ይሁን። ከሁሉ በላይ ዳውንሎድስን ዓይንሽን ጣዪበት። ዳውንሎድስ ኮሪደር ነው፣ ሰው አይኖርበትም። በመጠን ደርድሪውና ከላይ ያሉትን አሥሩን እዪ፦ አንድ ጊዜ ጭነሽ የረሳሻቸው ፕሮግራሞች፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የወረደ ያው ፋይል። ዊንዶውስ ስቶሬጅ ሴንስ የሚባል አለው፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ለ30 ወይም ለ60 ቀን ያልተከፈተውን ራሱ እንዲያጠፋ ሊታዘዝ ይችላል። ለዳውንሎድስ አታብሪው። ሰው አስፈላጊ ሰነድ ከኢሜይል አውርዶ እዚያው ይተዋል፣ ከሁለት ወር በኋላ ሲፈልገው የለም።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ሰዎች፣ ነገሩ በዓይን የሚታይ ስለሆነ ለናንተ ይቀላል። ሆም ውስጥ ነጥብ ኮንፊግ የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ፣ ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤችን ስትጫኑ ይታያል። በውስጡ ዩዘር ዲርስ የሚል ተራ የጽሑፍ ፋይል ታገኛላችሁ። የነዚህ ፎልደሮች አድራሻ እዚያ በአንድ በአንድ መስመር ተጽፏል። መስመሩን ቀይራችሁ፣ ወጥታችሁ መግባት ነው። ወጥመዱ ግን አንድ ነው፦ አዲሱን ፎልደር መጀመሪያ ፍጠሩት። በገባችሁ ቁጥር ሲስተሙ ይፈትሻል፣ የተጻፈውን ፎልደር ካላገኘ አድራሻውን ወደ ሆም ራሱ ይመልሰዋል። ዴስክቶፕን «አልፈልገውም» ብለው ያጠፉ ሰዎች በማግስቱ የሆም ጓዝ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ቋንቋ ስትቀይሩ ደግሞ «የፎልደሮቹን ስም ወደ አዲሱ ቋንቋ ልቀይር?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የድሮውን አቆይ በሉ። እዚህ የሚቀየረው ዲስኩ ላይ ያለው እውነተኛ ስም ነው፣ በድሮው ስም የጻፋችሁት ትእዛዝ ሁሉ ይሰበራል።

ማክ ላይ ፋይንደር እነዚህን ፎልደሮች ማጥፋት አይፈቅድም፣ ሲስተሙ ይፈልጋቸዋል ብሎ ይመልሳል። እዚያ መታየት ያለበት አይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ) ነው። በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ዴስክቶፕንና ዶክዩመንትስን ወደ አይክላውድ የሚያስገባ ምርጫ አለ። ሲጠፋ የሚሆነው ከዋንድራይቭ ጋር ይመሳሰላል፦ ፋይሎቹ አይክላውድ ድራይቭ ውስጥ ይቀራሉ፣ በእጅ መመለስ ይኖርባችኋል።

እህቴ፣ ወዳንቺ ልመለስ። ሁሉንም በአንድ ሌሊት አትጨርሺው። ዛሬ ዳውንሎድስን ብቻ አድርጊ። ከዚያ ከኢንተርኔት አንድ ትንሽ ፋይል አውርጂና ዲ ላይ መድረሱን እዪ። ነገ ቪዲዮስንና ፒክቸርስን። ዶክዩመንትስን ጊዜ ባለሽ ቀን፣ ኮፒ ከያዝሽ በኋላ። ሲያልቅ ዎርድ ከፍተሽ አንድ መስመር ጻፊ፣ ዶክዩመንትስ ውስጥ ሴቭ አድርጊ፣ ፋይሉ ዲ ላይ መኖሩን አረጋግጪ። «ከሲ የመጣ» ያልነውን ፎልደር በማግስቱ በሰከነ አእምሮ ከሌላው ጋር አመሳክሪ፣ የተደገመውን ያኔ አጥፊ። ውጪ ላይ የያዝሽውን ኮፒ ግን አታጥፊው። ዲ ከዛሬ ጀምሮ የፋይሎችሽ ብቸኛ ቤት ሊሆን ነው፣ ሃርድ ዲስክ ደግሞ አንድ ቀን ዝም ብሎ ይቆማል። አፕላይ ስትዪ ዊንዶውስ እምቢ ካለሽ የሚያወጣውን መልእክት ቃል በቃል ጻፊልኝ፣ ሎኬሽን ሳጥን ውስጥ የተጻፈውን አድራሻም ጨምሪበት።